ስብ የማይረጋባት ከተማ

የሰው ልጅ የበላው ዘይት ጉሮሮውን ካለፈ በኋላ የት ገብቶ እንደሚቀመጥ የዓለም ሊቃውንት ሲመራመሩ ስንት ዘመን አለፋቸው። አንዱ ጉበት ውስጥ ነው ይላል፣ ሌላው ወገብ ላይ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ዘይቱ ዓይነት ይለያያል ብሎ ሁለቱንም ያስቀይማል። ሰመራ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ግን (ትሕትናው እንዳይነካ ስሙን አንጠራውም) ይህን ከባድ ጥያቄ በሰባት ሳምንትና በሁለት የቦንቦሊኖ መጥበሻ ፈታው። መልሱን ያገኘውም ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ለሌላው ዓለም የጎደለው ይህ ፍጥነት ነው።

ነገሩ የመጣው ከላይ በወረደ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ጤናማ ጎልማሶች በሁለት ቡድን እንዲከፈሉ፣ አንዱ ቡድን በፓልም ዘይት፣ ሌላው በሱፍ ዘይት የተጠበሰ ነገር ከመደበኛ ምግቡ በላይ ለሰባት ሳምንት እንዲበላ፣ በመጨረሻም የትኛው ዘይት በሰውነት ውስጥ ብዙ ስብ እንደሚያከማች ተጠንቶ እንዲቀርብ ያዝዛል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ዋሲሁን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጤናማ ጎልማሳ ማለት በዓመቱ ውስጥ የሕመም ፈቃድ ያልጠየቀ ሠራተኛ ማለት መሆኑንም ወሰኑ። ከዚያ አሥራ ሁለት ሠራተኞች በገዛ ፈቃዳቸው እንዲሳተፉ ታዘዙ። ፈቃደኛ ያልሆነ ካለ ምክንያቱን በሦስት ኮፒ ጽፎ ያቅርብ ተባለ፤ በዚያ ሙቀት ማን ሦስት ኮፒ ይጽፋል?

ከታዘዙት ፈቃደኞች አንዱ የመዝገብ ቤቱ ጣሃ ነበር። የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ሥራ ወዳድ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በኮንትራት የተንጠለጠለ። ደብዳቤው ግርጌ ላይ «ጥናቱን ላጠናቀቁ በቋሚ ቅጥር ቅድሚያ ይሰጣል» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ለጣሃ ሌላው መስመር ሁሉ የሷ መግቢያ ነበር። ሊያገባት ያሰባት የሃፍሳ አባት «የቋሚነት ደብዳቤ ሳላይ ልጄን አልሰጥም» ብለው ቁርጡን ነግረውታልና።

ቦንቦሊኖውን እንዲጠብሱ የተመረጡት ደግሞ የጣሃ አያት እትዬ ኡሙሀኒ ናቸው። ከባቲ መጥተው፣ ከጽሕፈት ቤቱ በር ፊት ለፊት ቆርቆሮ ጥላ ሥር ሲጠብሱ ዓመታት ቆጥረዋል። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምረዋል። ትምህርቱ የዘይት ጄሪካን ላይ የተጻፈውን ሁሉ በመነጽር እያነበቡ እንዲጨነቁ በእጅጉ ረድቷቸዋል። ጭንቀታቸው ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም። አንድ ልጃቸው ከድሩ፣ የጣሃ አባት፣ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነበር። ሆዱ ከመኪናው መሪ ጋር መተሻሸት በጀመረ በሦስተኛው ዓመት ሚሌ ላይ ለምሳ ወረደ፤ እጁን ታጥቦ ሳይቀመጥ ወደቀ። ሐኪሙ «የልቡ ደም ሥር ተደፍኗል» አላቸው። ከዚያ ወዲህ እትዬ ኡሙሀኒ ጣሃ ከመብላቱ በፊት ሳህኑን ያያሉ፣ ከበላ በኋላ ሆዱን ያያሉ።

ዕጣ ሲወጣ ጣሃ ቡድን ሀ ደረሰው። ቡድን ሀ ፓልም ነው፤ ቡድን «ለ» የሱፍ።

«ሂድና እምቢ በላቸው!» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ።

«እማ፣ ዘይት ነው እኮ፣ መርዝ አይደለም።»

«አባትህም እንዲሁ ነበር የሚለኝ። የሚረጋ ዘይት ነው! የዕቃ ማጠቢያዬን ቧንቧ ስንቴ ደፍኖብኛል። ቧንቧ ያልማረ ደም ሥር ይምራል?»

«ሰባት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ ቋሚ እሆናለሁ። እምቢ ካልኩ የሃፍሳን አባት አንቺ ታናግሪልኛለሽ?»

«ቋሚ የሚያደርጉት ሬሳህን ነው?»

«አቦ እማ! ገና ሳልበላ ገደልሽኝ።»

ይህ ስጋት አቶ ዋሲሁን ጆሮ ደረሰ። ትልቅ ሰው ናቸውና በቁጣ ሳይሆን በሳይንስ መለሱ። ሠራተኛውን ሰብስበው አንድ ብርጭቆ የፓልም ዘይት ጠረጴዛ ላይ አቆሙ። ዘይቱ እንደ ምንጭ ውኃ ኩልል ብሏል። ቀጥለው ከደብረ ብርሃን እህታቸው የላከችላቸውን ፎቶ ስልካቸው ላይ እያዞሩ አሳዩ። ያው ዘይት ነው፤ ግን እንደ ሻማ ደርቋል።

«ክቡራን ባለድርሻ አካላት» አሉ። ከባለድርሻ አካላቱ ሁለቱ ዘበኞች ሲሆኑ አንደኛው ተኝቷል። «ስብ የሚረጋው በብርድ ነው። ሰመራ ብርድ የለም። ስለዚህ ሰመራ ላይ ስብ አይረጋም። የማይረጋ ነገር ደግሞ አይከማችም። ወገኖቼ፣ ሙቀታችን እስከ ዛሬ ያልለማ ሀብታችን ነው!»

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ መቅደላዊት እጇን አወጣች። ዕድሜዋ ገና ስለሆነ የተማረችውን አልረሳችም ነበር።

«አቶ ዋሲሁን፣ የሰው ሆድ ውስጥ ያለው ሙቀት ደብረ ብርሃንም ሰመራም ያው ሠላሳ ሰባት ነው እኮ። ደግሞ ልዩነቱ ብርጭቆ ውስጥ መርጋቱ አይደለም። ሌላ አገር ወጣቶችን ልክ እንዲህ አብልተው ነበር። ኪሏቸው እኩል ጨመረ። ፓልም የበሉት ግን ጉበታቸውና ሆድ ዕቃቸው ላይ የበለጠ ስብ ተቀመጠ፤ የሱፍ የበሉት ከጨመሩት ከፊሉ ጡንቻ ሆነላቸው። ስለዚህ ኪሎ ብቻ ብንለካ ምንም አናውቅም።»

«እህት መቅደላዊት» አሉ አቶ ዋሲሁን በአባታዊ ፈገግታ፣ «ያ ሠላሳ ሰባት የተለካው በደጋ ቴርሞሜትር ነው።»

ተጨበጨበ። የመቅደላዊት ሐሳብ «በአስተያየትነት ተይዟል» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ አስተያየት ደግሞ ከማንኛውም ዘይት በላይ ይረጋል።

ለታላቅ ሐሳብ ታላቅ ፈተና አይቀርለትም። ብርጭቆው አቶ ዋሲሁን ቢሮ ውስጥ፣ ቀን ከሌት የሚያጓራው ኤሲ ሥር ተረስቶ አደረና በማግስቱ ሲገቡ ረግቶ ጠበቃቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ራሱን ይጠራጠር ነበር። እሳቸው ኤሲውን ጠረጠሩ። ወዲያው አቅጣጫ ተቀመጠ፦ ተሳታፊዎች ቦንቦሊኗቸውን በልተው ወደየቢሯቸው ኤሲ ቢገቡ ስቡ ሊረጋ ስለሚችል፣ እንደበሉ ለአርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ይቀመጡ። የአቶ ዋሲሁን ኤሲ ግን ሥራውን ቀጠለ፤ እሳቸው ተሳታፊ አልነበሩማ።

እንግዲህ በየቀኑ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ጤናማ ጎልማሶች፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ቦንቦሊኖ ውጠው፣ ግቢው መሀል በተደረደረ የፕላስቲክ ወንበር ላይ እንደ ተሰጣ በርበሬ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ኡሙሀኒ አላስቻላቸውም። ጃንጥላቸውን ይዘው ሮጡና ከጣሃ ራስ በላይ ዘረጉት።

«እትዬ ኡሙሀኒ፣ ጃንጥላ የጥናቱን ውጤት ያዛባል» አሉ አቶ ዋሲሁን ከመስኮታቸው።

«ልጁ እየቀለጠብኝ ነው እኮ ጌታዬ!»

«እሱ እኮ ነው የሚፈለገው!»

እትዬ ኡሙሀኒ ጃንጥላቸውን አጠፉ። ፀሐይዋ የአላህ ናት፤ ከሷ ጋር ክርክር የለም። ዘይቱ ግን በሳቸው እጅ ነው። ያን ቀን ወደ መጥበሻቸው የተመለሱት ሌላ ሰው ሆነው ነው።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንደ መመሪያው ሁለቱን መጥበሻ ጣዱ፤ በግራ ፓልም፣ በቀኝ የሱፍ። ከቀኙ መጥበሻ ሦስት ቦንቦሊኖ አወጡና በጋዜጣ ጠቅልለው ለጣሃ በእጁ ሰጡት። «ከትሪው እንዳትነካ፣ ይቺን ብቻ ብላ» አሉት። ቀላል መስሏቸው ነበር። ግን ጣሃ ያደገው በሾፌርና በነጋዴ መሀል ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ለብቻው መብላት አያውቅበትም። የጽሕፈት ቤቱ ሾፌር አብዱልበሲጥ፣ እሱም የቡድን ሀ ሰው፣ ጋዜጣዋን አያት።

«ምንድን ነው የምትደብቀው? አያት ያለው ሰው ለብቻው ይበላል እንዴ?»

«ኧረ ምንም የለውም፣ ያው ነው።»

«ያው ከሆነማ ቁረሳ!»

ጣሃ በሀፍረት ሦስቱን ቦንቦሊኖ ለስድስት ቆራረሳቸው። የሱፉን ለጓደኞቹ አጎረሰ፤ እሱ ራሱ ከትሪው ፓልሙን አንስቶ ጠገበ። ከአጥር ማዶ የሚያዩት እትዬ ኡሙሀኒ ጭልፋቸውን ጣሉት። አንድ ሰው ብቻውን ማዳን በማይቻልበት አገር ምን ይደረጋል? ደግሞስ አብዱልበሲጥ አራት ልጆች አሉት፤ የሌሎቹም እናቶች ቢያውቁ እንደሳቸው አይሆኑም ነበር? አሰቡ አሰቡና በሦስተኛው ቀን የግራውን መጥበሻ አጥበው የሱፍ ዘይት ሞሉበት።

ማንም አላወቀም። የሱፍ ዘይቱ ለመጠባበቂያ ተብሎ እጥፍ ነው የመጣው። የፓልሙን ጄሪካን እትዬ ኡሙሀኒ እንደታሸገ እየወሰዱ አልጋቸው ሥር ደረደሩት። ጥናቱን የሚከታተል ባለ አምስት አባል ኮሚቴ አልነበረም ማለት አይደለም። ነበረ። ኮሚቴው የሚከታተለው ግን ቦንቦሊኖው ትኩስ ሳለ መድረሱን ሲሆን፣ ይህንንም በየቀኑ አራት አራት እየቀመሰ ያለማወላወል አረጋግጧል።

የመለኪያው ጉዳይ ሲነሳ መቅደላዊት ዱብቲ ሆስፒታል ወስደን በአግባቡ እናስለካቸው ብላ ነበር። «ሆስፒታል የሚኬደው ለበሽተኛ ነው፤ እነዚህ ጤናማ ጎልማሶች ናቸው» ተባለች። ስለዚህ ከጥናቱ በፊትም በኋላም የተኬደው ሎጊያ፣ የጨው ነጋዴው ሐጂ መሀመድአሚን ጋ ነው። ሐጂ የጨው መኪና የሚመዝኑበት ትልቅ ሚዛን አላቸው።

«ወንድሜ» አሉ ሐጂ ተጨንቀው፣ «ይሄ ሚዛን ከሁለት መቶ ኪሎ በታች አያውቅም፤ የሚቆጥረውም በሃያ ሃያ ነው። ለጨው ነው ያሠራሁት።»

«ጨውም ሰውም የአገር ሀብት ነው» አሉ አቶ ዋሲሁን። አንድ ሰው ብቻውን ሲቆምበት ሚዛኑ እንዳላየ ስላለፈው ስድስት ስድስት ሆነው እንዲወጡ ተደረገ። በመጀመሪያው ቀን ቡድን ሀ ሦስት መቶ ሰማንያ ኪሎ መዘነ። ቡድን «ለ»ም ሦስት መቶ ሰማንያ። ከሰባት ሳምንት በኋላ ቡድን ሀ አራት መቶ ሆነ። ቡድን «ለ»ም አራት መቶ።

አቶ ዋሲሁን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሁለቱ ዘይቶች እኩል መሆናቸው በጨው ሚዛን ተመሰከረ። የተጨመረውን ሃያ ሃያ ኪሎ በተመለከተ ሪፖርቱ «ተሳታፊዎች በጥናቱ ካገኙት የመንፈስ እርካታ የመነጨ ነው» ሲል በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው። የጣሃ ሸሚዝ ሁለት ቁልፍ በመንፈስ እርካታ ተበጠሰ። እትዬ ኡሙሀኒ ግን አላህን አመሰገኑ። ልጁ ወፍሯል፣ ወፍሯል፤ ቢሆንም የሚረጋው አልገባበትም። ሰባት ሳምንቱ አለፈ፣ ምስጢሩም አልጋቸው ሥር ነው።

ታላቅ ግኝት በአንድ ከተማ ታጥሮ አይቀርም። አዋሽ ላይ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የተሞክሮ ማስፋፊያ ጉባኤ ተጠራ። የጽሕፈት ቤቱ አውቶብስ ተሳታፊዎችን፣ ኮሚቴውንና፣ እንግዳ በአዳራሹ በዓይኑ እያየ እንዲቀምስ፣ እትዬ ኡሙሀኒን ከነመጥበሻቸው ጭኖ ተነሣ። ለምሳ ሚሌ ላይ ቆመ።

እትዬ ኡሙሀኒ ሚሌ ላይ መውረድ አይወዱም። ግን ወረዱ። ምግብ ቤቱ በሾፌር ተሞልቷል፤ ከየጠረጴዛው ጠርዝ ጋር የሚተሻሽ ሆድ፣ በዘይት የሚያብረቀርቅ ጣት። እጃቸውን ታጥበው ቁጭ አሉና ለወጉ ያህል አብዱልበሲጥን ጠየቁት።

«አንተ አብዱልበሲጥ፣ ይሄ ሪፖርት ከጸደቀ በኋላ ምን ይደረግበታል?»

«አልሰሙም እንዴ እትዬ? ፓልም ጉዳት የለውም ስለተባለ፣ ከሰመራ እስከ አዋሽ የሠራተኛ ምግብ ቤት ሁሉ በፓልም ብቻ ይሠራል ነው የሚባለው። እንግዲህ የምንኖረው በሱ ነው።»

እትዬ ኡሙሀኒ የቆረሱትን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ፓልም ምንም አላደረገም ተብሎ የተመሰከረው በጣሃ ሰውነት ነው። ያን ሰውነት ደግሞ የሱፍ ያበሉት እሳቸው ናቸው። አንዱን ልጅ አድናለሁ ብለው ሁሉንም ለሚጎዳው ፓልም የምስክር ወረቀት ጻፉለት! ጣሃ ከጎናቸው ሁለተኛ ሳህን አዘዘ። ያ ረቢ! አዋሽ እስኪደርሱ የሚናገሩትን በልባቸው ሲያሰናዱ ሄዱ።

እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ይላሉ አበው። እትዬ ኡሙሀኒ የተናገሩት ግን በማግስቱ ረፋድ ላይ ስለነበር ተረቱ አልሠራላቸውም። አዳራሹ ሞልቷል፣ ኤሲው ያጓራል፣ አቶ ዋሲሁን ከመድረክ ላይ «ስለሆነም በአየር ጠባያችን የመልማት አቅም በመታገዝ» የሚለው ላይ ደርሰዋል። እትዬ ኡሙሀኒ ሊጥ በነካው እጃቸው ከኋላ ተነሡ።

«አቁሙት! ውሸት ነው!»

«እትዬ ኡሙሀኒ፣ የጥያቄ ሰዓት ከሻይ በኋላ ነው።»

«ጥያቄ የለኝም፤ መልስ ነው ያለኝ። ወላሂ ከሁለት ቀን በቀር ፓልም የበላ የለም! አሥራ ሁለቱንም በሱፍ ነው የጠበስኩላቸው። ፓልሙ ከነእሽጉ አልጋዬ ሥር ነው፣ ሄዳችሁ እዩት። አባቱን ያጣሁት በዚህ ነው፤ ልጁን ደግሞ እንዳላጣ ፈርቼ ነው። እሱ አያውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቅጡኝ፣ ግን ይሄን ወረቀት ቅደዱት።»

ጣሃ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ቋሚነቱም ሃፍሳም በአንድ አፍታ ከዓይኑ ሥር ሲሄዱ ታየው። መቅደላዊት ብድግ አለች።

«ጥናቱ እንደገና መሠራት አለበት! ይሄ እኮ...»

አቶ ዋሲሁን እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አቶ ዋሲሁን ሞኝ አልነበሩም። የያዙትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እትዬ ኡሙሀኒ፣ አይፍሩ። ለጉባኤው በግልጽ ይንገሩልን። አሥራ ሁለቱም የበሉት የሱፍ ዘይት ነው?»

«አዎ።»

«አሥራ ሁለቱም ወፍረዋል?»

«ያዩዋቸው የለ እንዴ! ሲነሡ ወንበሩ አብሮ ይነሣል።»

«በሰባት ሳምንቱ በፓልም የወፈረ ሰው አለ?»

«ሳይበሉት እንዴት ይወፍራሉ?»

አቶ ዋሲሁን ወደ ጉባኤው ዞሩ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

«ሰምታችኋል ወገኖቼ! የሱፍ ዘይት አሥራ ሁለት ጤናማ ጎልማሶችን አወፈረ። ፓልም ግን ሰባት ሳምንት ሙሉ በመካከላችን ተቀምጦ አንድም ሰው አላወፈረም! እኛ እኩል ናቸው ብለን ነበር። በድለነዋል። ፓልም ይበልጣል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እትዬ ኡሙሀኒ «ኧረ እንደሱ አይደለም፣ ስሙኝማ» ቢሉም ድምፃቸው ጭብጨባው ውስጥ ሰጠመ። ሪፖርቱ እዚያው ታርሞ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የሱፍ ዘይት ከሠራተኛ ምግብ ቤቶች እንዲታገድ፣ ፓልም ብቻ እንዲገባ ተወሰነ። እትዬ ኡሙሀኒ «ሐቅን በድፍረት ለሳይንስ ስላበረከቱ» የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ ይዘውት ፎቶ ተነሡ። ፎቶው ላይ የሚያለቅሱት በደስታ ነው የሚል መግለጫ ተጻፈበት።

ከሰዓት በኋላ ጣሃ አንድ ደብዳቤ ይዞ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ወደ ሆቴሉ ጓሮ መጣ። ትንፋሹ የተቆረጠው በደስታ ይሁን በአዲሱ ውፍረቱ ለመለየት ይቸግራል።

«እማ! ቋሚ ሆንኩ! ያንቺን ውለታ ቆጥረው ነው። ለሃፍሳ አባት ዛሬውኑ ደውይላቸው!»

እትዬ ኡሙሀኒ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና መነጽራቸውን አደረጉ። የሥራ መደብ፦ የፓልም ዘይት አጠቃቀም ክትትል ባለሙያ። ዝርዝር ተግባር፦ በሠራተኛ ምግብ ቤቱ በፓልም የተጠበሰውን ሁሉ በየቀኑ ለናሙና ቀድሞ መብላት፣ ለሠራተኛው አርአያ መሆን። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

በዚያው ቅጽበት አቶ ዋሲሁን «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊሉ በጓሮው በር ብቅ አሉ።

«ጌታዬ» አሉ እትዬ ኡሙሀኒ፣ «ይሄን የሚበላው ለስንት ሳምንት ነው?»

«ምን ሳምንት አለው እትዬ!» አሉ አቶ ዋሲሁን ጀርባቸውን መታ መታ እያደረጉ። «ልጅዎ እኮ ቋሚ ነው። እስከ ጡረታ ነው! እልል ይበሉ እንጂ!»